ከዜማው በኋላ የሚቀረው
ስለ አሜሪካ የደረት ምልክቶችና ስለ ጎጃም ቅኔ የቀረበ ጥናት

፩. መግቢያ

ታሪክ የሚጻፍበት ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው። ነገሥታት በድንጋይ ላይ ያስቀርጹታል፤ ካህናት በብራና ላይ ይጽፉታል፤ መንግሥታት በገንዘብና በኒሻን ላይ ያትሙታል። ነገር ግን ተራው ሰው፥ ይኸውም ነገሩ ሲደረግ ከሕዝብ መካከል ቆሞ ያየውና የሰማው ሰው፥ «እኔም በዚያ ቀን ነበርሁ» ብሎ የሚያስረዳበት ዕቃ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ብንመረምረው ግን ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ፥ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚንቅ ጭምር ይነግረናል።

በዚህ ጽሑፍ እጅግ የተራራቁ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁመን ልንመለከት አስበናል። አንደኛው በአሜሪካ አንዳንድ የሙዚቃ ባንዶችን የሚከተሉ ሰዎች በገዛ እጃቸው ነድፈው የሚያሠሩት፥ በልብስ ወይም በቆብ ላይ የሚሰካ፥ ፒን የሚባለው ትንሽ የብረት ምልክት ነው። ሁለተኛው በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የቅኔ ጉባኤዎችና በአዝማሪ ፊት አድማጭ የሰማውን የሚይዝበት ልማድ ነው። አንባቢ «የአሜሪካን ዘፈን የሚከተል ወጣትና የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ተማሪ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የሚወዱት ጥበብ አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ እንደዚያው ሆኖ አይደገምም።

የውጭ አገሩን ታሪክ ስንጠቅስ ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገራችንን ስንጠቅስ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዓ.ም.» ብለን ጽፈናል።

፪. የማይደገም ዜማ በአሜሪካ

በ1965 በካሊፎርኒያ ግሬትፉል ዴድ የተባለ ባንድ ተቋቋመ። ይህ ባንድ መሪ ጊታር መቺው ጄሪ ጋርሲያ እስከ ሞተበት እስከ 1995 ድረስ በ30 ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ኮንሰርት አሳይቷል። ሌሎች ባንዶች በሸክላ ያሳተሙትን ዘፈን በመድረክ ላይ እንደ ቃል ጥናት ሲደግሙ፥ እነዚህ ግን ዘፈኑን መነሻ ብቻ አድርገው ከዚያ ወዲያ በመሣሪያቸው እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ፥ አስቀድሞ ያልታሰበ ዜማ ያፈልቁ ነበር። ይህን ዓይነቱን አጨዋወት አሜሪካውያን «ጃም» ይሉታል፤ እንዲህ የሚጫወተውንም «ጃም ባንድ» ይሉታል። የቅኔ ሰው ቢተረጉመው «ዘረፋ» ይለው ነበር ብለን እናስባለን።

ዜማው በየሌሊቱ የተለየ ስለ ሆነ አድማጩ አንድ ጊዜ ሰምቶ አይጠግብም። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ ባንዱን ተከትሎ የሚጓዝ ሕዝብ ተፈጠረ። በ1978 በመስከረም ወር ባንዱ በግብጽ አገር በጊዛ ፒራሚዶች ሥር በተጫወተ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ተከትለው የሄዱ ነበሩ። በዚያም ሐምዛ ኤል ዲን የተባለው የኑብያ ተወላጅ ዑድ መቺ ከእነርሱ ጋር ተጫውቷል። ከጎጃም ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ በሚያልፍበት ዳር ይህ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ከእኛም ፈጽሞ የራቀ አይደለም።

ተከታዮቹ የሰሙትን ላለማጣት ሦስት ነገር አደረጉ። አንደኛ፥ በቴፕ ቀዱት። ባንዱም ይህን አልከለከለም፤ እንዲያውም በ1984 ለቀጂዎቹ በአዳራሹ ውስጥ የተለየ ስፍራ መደበላቸው። በግንቦት 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱት ሌሊት ከተቀዳ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እጅግ የታወቀ ሆነ፤ በመጨረሻም በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች ጋር ተመዘገበ። ሁለተኛ፥ በየሌሊቱ የተዘፈነውን ዘፈን በተራ ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት። ሦስተኛ፥ ምልክት ሠሩ።

ይህን ሦስተኛውን በይበልጥ ያሰፉት ፊሽ የተባለውን ባንድ የሚከተሉት ናቸው። ይህ ባንድ በ1983 በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተቋቋመ ነው። ከኮንሰርቶቹ ሁሉ በተከታዮቹ ዘንድ ተለይቶ የሚታወቀው በታኅሣሥ 31 ቀን 1999 በፍሎሪዳ፥ ሴሚኖል የሚባሉት የጥንት ነዋሪዎች ይዞታ በሆነው በቢግ ሳይፕረስ የተደረገው ነው። በዚያ ሌሊት ከ70,000 የሚበልጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ባንዱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ከሰባት ሰዓት በላይ ሳያርፍ ተጫወተ። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው የዚህን ሌሊት ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንናገር። ተከታዩ ሥዕሉን ይነድፋል፤ ለፋብሪካ ይልካል። በፋብሪካው የሥዕሉ ቅርጽ በብረት ማኅተም ላይ ይቀረጻል፤ ማኅተሙም በቀጭን ብረት ላይ ተመትቶ መስመሩ ከፍ፥ መደቡ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ብረቱ ወርቅማ ወይም ብርማ ቀለም ከተቀባ በኋላ በዝቅተኛው መደብ ውስጥ ኤናሜል የሚባለው ቀለም እየተሞላ በእሳት ይደርቃል። በጀርባው ሹል መርፌና መያዣ ይደረግለታል። ብዙ ጊዜም ስንት እንደ ተሠራና ይህኛው ስንተኛው እንደ ሆነ ቁጥር ይታተምበታል። ሠሪው ከኮንሰርቱ አዳራሽ ውጭ፥ መኪና በሚቆምበት ሜዳ፥ ከሌሎች ጋር ይለዋወጣል ወይም ይሸጣል።

፫. «አደረግሁ» የሚልና «ነበርሁ» የሚል ምልክት

እንዲህ ያለው ምልክት በአሜሪካ የተጀመረ አይደለም። እኛ በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛው ትምህርት ስለ ካንተርበሪ ተሳላሚዎች እናነብ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት በ1170 ከተገደለ በኋላ መቃብሩን ለመሳለም የሚመጣው ሕዝብ ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራ ርካሽ ምልክት ገዝቶ በቆቡ ላይ ሰክቶ ይመለስ ነበር። ወደ ስፔን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ የሚሄደውም የባሕር ዛጎል ምልክት ያደርግ ነበር። ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ተገኝተው ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ያጠኗቸዋል። ስማቸው በየትም መጽሐፍ ያልተጻፈ ድሆች በዚያ መንገድ መሄዳቸውን የሚመሰክርላቸው ያ የእርሳስ ቁራጭ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1896 በአሜሪካ በኒውአርክ ከተማ ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለው ፋብሪካ በሴሉሎይድ የተሸፈነ የደረት ቁልፍ ለመሥራት የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫም ምልክቱ በብዛት ተሰራጨ።

በእኛ አገርስ? ምልክት ማድረግ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ዝሆን የገደለ አዳኝ በጆሮው ሎቲ ያደርግ ነበር፤ ጀግና ለምድ ይለብስ ነበር፤ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተደረገው ዘውድ መጫን መታሰቢያ ሜዳይ ተሠርቷል፤ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላም አርበኞች ሜዳይ ተቀብለዋል። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከት እነዚህ ሁሉ ሁለት የጋራ ጠባይ አሏቸው። አንደኛ፥ ከላይ ወደ ታች የሚሰጡ፥ ወይም ሹመትና ሥርዓት የሚፈቅዳቸው ናቸው። ሁለተኛ፥ «አደረግሁ» የሚሉ ናቸው። ገደልሁ፥ ዘመትሁ፥ አገለገልሁ ይላሉ። የተሳላሚው የእርሳስ ምልክትና የአሜሪካዊው ፒን ግን «ነበርሁ» ብቻ ነው የሚሉት። እኩያ ለእኩያው የሚሠራው፥ ማንም የማይሾምበት፥ ማንም የማይሻርበት ምልክት ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት በአገራችን የሚቀርበው ከጠበል ቦታ ይዘው የሚመለሱት ውኃና እምነት ነው። ወደ ግሽ ዓባይ ወይም ወደ ሌላ ጠበል የሄደ ሰው ለቀረው ቤተ ሰቡ በዕቃ ቀድቶ ያመጣል። ነገር ግን ይህ ለመጠጣትና ለመቀባት ነው እንጂ በደረት ላይ ሰክቶ ለማሳየት አይደለም። እንግዲህ ዜማና ቅኔ በሞላበት በጎጃም የአድማጭ ምልክት ስለ ምን አልተሠራም? የጥናታችን ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

፬. በጎጃም የሚሰማና የሚያዝ

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩባት በኋላ በዚህ ስም ታወቀች። በዙሪያዋና ከእርሷም ራቅ ብሎ የቅኔ ትምህርት ምንጮች አሉ፤ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ኤልያስ፥ ዋሸራ፥ ጎንጅ። ዮፍታሔ ንጉሤና ሐዲስ ዓለማየሁ በዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ የታወቁት ከዚህ ትምህርት ተነሥተው ነው።

የቅኔ ዋና ሕግ አዲስ መሆን ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ የራስ ተደርጎ አይባልም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ እየወጣ ይሄዳል። የበሰለው ሊቅ ግን ሳይዘጋጅ፥ በዕለቱ በዓልና በዕለቱ ነገር ላይ ተነሥቶ ይዘርፋል። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲነገር የገባው አድማጭ «ይበል!» ይላል። ይህ «ይበል» የአድማጩ ድርሻ ነው፤ ጭብጨባ ብቻ አይደለም፤ «ምሥጢሩን አግኝቼዋለሁ» የሚል ምስክርነት ነው።

ከዚያ በኋላ ቅኔው ወዴት ይሄዳል? በተማሪዎቹ ቃል ይያዛል። ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የሚዞር ተማሪ በአኩፋዳው ቁራሽ፥ በልቡ ቅኔ ይዞ ይዞራል። ቅኔውን ሲናገርም ቅኔውን ብቻ አይናገርም፤ የማን እንደ ሆነ፥ በምን በዓል፥ በምን ምክንያት እንደ ተባለ ታሪኩን አያይዞ ይናገራል። ይህም የአሜሪካዎቹ ተከታዮች ቀንና ቦታ ጽፈው ከሚይዙት መዝገብ ጋር አንድ ሥራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት የቅኔ መጽሐፍ፥ ከእርሳቸውም በኋላ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የሰበሰቡት ሊገኝ የቻለው፥ ሰሚዎች ለብዙ ዘመን ያለ ወረቀት ስለ ጠበቁት ነው።

በአዝማሪውም ዘንድ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ሲዘፍን ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንን ግጥም በዜማው ውስጥ አግብቶ ይመልሰዋል። ግጥሙ ያማረ እንደ ሆነ ቤቱ ይስቃል፥ ይደነቃል፤ በማግስቱም በገበያና በጠላ ቤት ይነገራል። ደስ ያለው ሰው ገንዘብ አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍለታል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት እናገኛለን። በአሜሪካው ልማድ አድማጩ ዕቃ ሠርቶ የሚሰካው በራሱ ደረት ላይ ነው። በጎጃሙ ልማድ አድማጩ የሚለጥፈው በዘፋኙ ግንባር ላይ ነው። በአንደኛው ስጦታው በአድማጮች መካከል ይዞራል፤ በሁለተኛው ከአድማጭ ወደ ዘፋኝ ይሄዳል። አድማጩ ለራሱ የሚያስቀረው ቃሉን ብቻ ነው።

፭. ምልክቱ ያልተሠራበት ምክንያት

አንዳንድ ሰው «ድኅነት ነው፤ ብረቱስ ከየት መጥቶ» ይል ይሆናል። ይህ ግን አያረካም። የማርያ ቴሬዛ ብር በአገራችን በሚዘዋወርበት ዘመን አንጥረኞች ብሩን እያቀለጡ የአንገት መስቀል፥ ድሪና አልቦ ይሠሩበት ነበር። እጅ ነበር፤ ብረትም ነበር። ሌላውም «ቃል ከብረት ይበልጣልና አላስፈለገም» ይላል። በዚህ ላይ እውነት አለበት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱን መናገር ለእኛ ለተማሪዎች ግዴታ ይመስለናል።

የአድማጭ ምልክት እንዲሠራ ሁለት ሰዎች መከበር አለባቸው፤ ዘፋኙና ብረት ሠሪው። በአገራችን ግን ሁለቱም ተንቀው ኖረዋል። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያሉ ሰደቡት፤ ቡዳ ነው ብለው ከጋብቻና ከማዕድ ራቁት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድበውን በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል የጠና እንደ ነበር ያስረዳል። አዝማሪውም በግብር ቤት ሲያስቅና ሲያስለቅስ አድሮ፥ ሲነጋ «አዝማሪ» የሚለው ስሙ ራሱ እንደ ስድብ ይቆጠርበት ነበር። ልጁን ለአዝማሪ መዳር የሚፈቅድ ባላባት አልነበረም። እንግዲህ የተናቀ ሰው በሠራው ዕቃ፥ የተናቀ ሰው የዘፈነበትን ሌሊት በደረቱ ላይ ሰክቶ «በዚያ ነበርሁ» ብሎ የሚመካ ማን ይገኛል? ግጥሙን ይወዱታል፤ ምልክቱን ግን ያፍሩበታል። ቃል ያለ ምስክር ይያዛል፤ ዕቃ ግን ባለቤቱን ይናገራል።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ይኸው ሕዝብ ከጥበቡ ሁሉ ከፍ ያለውን፥ ቅኔን፥ በምን መሰለው? በአንጥረኛ ሥራ! «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከወርቅ ሠሪ መደብ የወጣ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል፤ ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ይገኛል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1965 ስለ አገራችን ባሕል ላሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ስም ነው። ሊቃውንቱ የአንጥረኛውን ጥበብ ለምሥጢራቸው ምሳሌ አድርገው ሲወስዱ፥ አንጥረኛው ራሱ ግን ከደጅ ቀረ። ስሙን ከእርሱ ተበደሩ፤ ክብሩን ግን አላካፈሉትም።

እጅንና ቃልን አንድ ላይ የያዘ ሰው በጎጃም ፈጽሞ አልተገኘም ማለታችን አይደለም። ከኦሮሞ ወገን ተወልደው በጎጃም ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። ዛሬ የጎጃምን ታሪክ የምናጠና ሁሉ የእርሳቸውን ጽሑፍ ሳንመለከት አናልፍም። ነገር ግን እንደ እርሳቸው ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

፮. በትንሹ ብረት ላይ ያለ ሰምና ወርቅ

አሁን ወደ ፒኑ እንመለስ። ተከታዮቹ በሚሠሩት ምልክት ላይ የባንዱን ስም በግልጥ መጻፍ የባለመብቱን ክስ ሊያመጣባቸው ይችላል። ደግሞም በግልጥ የተጻፈ ነገር ለእነርሱ ጣዕም የለውም። ስለዚህ በላዩ አንድ ነገር፥ በውስጡ ሌላ ነገር የሆነ ሥዕል ይነድፋሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። በ2017 ከሐምሌ 21 ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ 6 ቀን ድረስ ፊሽ በኒውዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 13 ሌሊት ተጫወተ። በእነዚህ 13 ሌሊቶች አንድም ዘፈን አልተደገመም። ለየሌሊቱም አንድ ዓይነት ዶናት ተመደበለት፤ አንዱ የኮኮናት፥ አንዱ የእንጆሪ፥ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በአራተኛው ሌሊት የተመደበው በውስጡ ማርማላታ ያለበት ዶናት ነበር። በእንግሊዝኛ ማርማላታም «ጃም» ይባላል፤ ሳይዘጋጁ ዜማ ማፍለቅም «ጃም» ይባላል። ባንዱም በዚያ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀውን አንድ ለስላሳ ዘፈን ወስዶ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዘመው። የዘፈኑ ልብ በማርማላታ ተሞላ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በደረቱ ላይ ማርማላታ ያለበት ዶናት ሰክቶ ቢታይ የማያውቀው «ጣፋጭ የሚወድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ሰሙ ነው። የሚያውቀው ግን ያን ሌሊት ያስታውሳል፤ ይህ ወርቁ ነው። ሁለት ትርጉም ያለው «ጃም» የሚለው ቃል በእኛ ቅኔ ኅብር የሚባለውን ሥራ ይሠራል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ፈገግ ሲልና ጣቱን ወደ ምልክቱ ሲጠቁም «ይበል!» ማለቱ ነው። እንግዲህ የቅኔ መንገድ የእኛ ብቻ ነው ብለን የምንመካ ከሆነ፥ የሰው ልጅ ምሥጢር ደብቆ ለወዳጁ መግለጥ በየትም እንደሚወድ ልናስተውል ይገባናል።

፯. የብረትና የቃል ክርክር

ይህን ስንል የአሜሪካውን ልማድ ያለ ነቀፋ መቀበላችን አይደለም። ፒን ይገዛል፥ ይሸጣል። በዚያ ሌሊት ያልነበረ ሰው ገንዘብ ካለው የዚያን ሌሊት ምልክት ገዝቶ ሊሰካ ይችላል። «ነበርሁ» የሚለው ምልክት በዚህ ጊዜ ሐሰት ይናገራል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው እየተፈለገ ዋጋው ሲወጣ የዜማ ፍቅር ወደ ንግድ ይለወጣል። ከዚህም በላይ የምልክቱ ትርፍ ወደ ዘፋኙ ሳይሆን ወደ ሠሪው ይሄዳል።

ቅኔ ግን በገንዘብ አይያዝም። የያዘው ሰው የተማረው፥ የደከመበት፥ ምሥጢሩ የገባው ነው። ሳይማሩት በደረት ላይ መስካት አይቻልም። በዚህ በኩል የጎጃሙ ልማድ ከአሜሪካው ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን።

ነገር ግን ቃልም የራሱ ድካም አለው። ቃል ከሚይዘው ሰው ጋር ይሞታል። ብረት ወድቆ በጭቃ ውስጥ 600 ዓመት ይቆይና ይነሣል፤ የተረሳ ቅኔን ግን ከየትኛው ወንዝ እናወጣዋለን? መምህሩ አርጅተው ተማሪው ሲያንስ፥ የሚዞረው አኩፋዳ ሲቀንስ፥ ሰንሰለቱ በአንድ ትውልድ ይበጠሳል። የአዝማሪው ቤትም እንዲሁ ነው፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሰጠው ሰው ስሙ የትም አይጻፍም።

ድምፅን በሸክላ መያዝ በዚህ ነገር ሙሉ መድኃኒት አልሆነም። ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር የአማርኛ ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። በ1969 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ አምሃ እሸቴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ በድፍረት የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ያለበት የሸክላ ልባስም አድማጭ በእጁ ይዞ የሚያሳየው ዕቃ ሆነ። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ወደ ገጠርም ገባ። ከዚያም ያለ ፈቃድ ማባዛቱ በዛና መንግሥት በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ደነገገ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሸክላና ካሴት የሚይዙት በስቱዲዮ አንድ ጊዜ የተዘፈነውን ነው። በአንድ ሌሊት በአንድ ቤት ውስጥ በአዝማሪና በአድማጭ መካከል የተወለደውን፥ በአንድ በዓል ቀን በአንድ ሊቅ የተዘረፈውን አይደለም። ሕጉም ዘፋኙንና አሳታሚውን ያስባል እንጂ «ይበል» ያለውን አድማጭ አያስብም።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የማይደገም ጥበብ ባለበት ሁሉ አድማጭ አንድ ነገር ማስቀረት ይፈልጋል። አሜሪካዊው በብረት አስቀረ፤ ጎጃሜው በቃል አስቀረ። ጎጃሜው በብረት ያላስቀረው ብረት ስላጣ አይደለም፤ ቃል ስለሚበልጥ ብቻም አይደለም፤ ብረት ሠሪውንና ዘፋኙን በአንድ ላይ ስለ ናቀ ጭምር ነው። ይህ ንቀት በሕግ ከቀረ ቆይቷል፤ በልብ ውስጥ ግን ቀርቷል ወይስ አልቀረም የሚለውን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ ሲሄድ የሰማውን ቅኔና የአዝማሪ ግጥም ከባለቤቱ ስም፥ ከቀኑ፥ ከቦታውና ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ። ቅኔው ብቻውን ቢጻፍ ወርቁ ይጠፋል፤ ወርቁ ያለው በምክንያቱ ውስጥ ነውና። ሁለተኛ፥ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ያለ አንጥረኛ ለአንድ ታላቅ የቅኔ ጉባኤ መታሰቢያ ትንሽ የብር ምልክት ቢሠራ፥ በጀርባው ቀኑና የሊቁ ስም ቢቀረጽበት፥ ገንዘቡም ለጉባኤው ተማሪዎች ቀለብ ቢውል የሚነቀፍ ነገር አይኖረውም። ያን ጊዜ ከአሜሪካው ምልክቱን፥ ከጎጃሙ ደግሞ ስጦታው ወደ ባለ ጥበቡ የሚመለስበትን ልማድ አንድ አድርገን ያዝን ማለት ነው። ግን አንድ ሕግ ይኑረው እንላለን፤ ቅኔውን በቃሉ ያልያዘ፥ ምሥጢሩንም መተርጐም ያልቻለ፥ ምልክቱን አይስካ።

ይህ የሆነ እንደ ሆነ «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ወደ ወጣበት ወደ አንጥረኛው ቤት ይመለሳል፤ ለብዙ ዘመን በተበደርነው ስም ላይም የቀረብንን ዕዳ፥ ይኸውም ክብሩን፥ ለባለቤቱ እንከፍላለን።